የዳቦ ዋጋና የዳቦ ሚዛን በካይሮ

በታላቋ ካይሮ ዳቦ የሚገዛ ሰው የሚከፍለውን ዋጋ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ለከፈለው ገንዘብ የሚደርሰውን ክብደት ግን እምብዛም አይመረምርም። ዳቦ የሚሸጠው በቁጥር እንጂ በሚዛን ባለመሆኑ ጉድለቱ ለዓይን አይታይም።

በግብፅ የዳቦ ዋጋ ከባድ የፖለቲካ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1977 መንግሥት የመሠረታዊ ምግቦችን ድጎማ ለመቀነስ ሲወስን ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ውሳኔውም ተሻረ። በድጎማ የሚቀርበው ዐይሽ ባላዲ ከ30 ዓመታት በላይ በ5 ቂርሽ ሲሸጥ ኖሯል። ዋጋው እንዳለ ቢቆይም ክብደቱ ግን ቀንሷል፤ በኦገስት 2020 ከ110 ወደ 90 ግራም ወረደ። ዋጋው ወደ 20 ቂርሽ ያደገው በጁን 2024 ነው።

ይህ ዳቦ የሚሸጠው የድጎማ ካርድ ላላቸው ግብፃውያን ነው። በመዓዲ ወይም በአርድ ኤል ሊዋ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ የሚገዛው ከድጎማ ውጭ ያለውን፣ «ሲያሒ» የሚባለውን ዳቦ ነው። ለዚህኛውም ቢሆን ልክ ተበጅቶለታል። የአቅርቦትና የውስጥ ንግድ ሚኒስቴር በኤፕሪል 2024 ዋጋን ከክብደት ጋር አያይዞ ይፋ ሲያደርግ፣ ባለ 80 ግራሙ 1.50 ፓውንድ፣ ባለ 40 ግራሙ 75 ቂርሽ፣ ባለ 25 ግራሙ 50 ቂርሽ እንዲሸጥ ወስኗል።

ጥቂት ግራም ቀላል ይመስላል። ሆኖም ከባለ 80 ግራሙ ዳቦ 10 ግራም ቢጎድል፣ ዐሥር ዳቦ የገዛ ሰው 100 ግራም ያጣል፤ ይህም አንድ ሙሉ ዳቦ ከሩብ ነው። ቤተሰብ ለሚያስተዳድር የቀን ሠራተኛ በየዕለቱ የሚደጋገም ኪሳራ ነው።

በእርግጥ አንድ ዳቦ ጎደለ ተብሎ ጋጋሪው ሁሉ አይወነጀልም። ዳቦ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ይተናል፤ በእጅ የተቆረጠ ሊጥም እኩል አይወጣም። ስለዚህ ፍትሐዊው መንገድ ዐሥር ትኩስ ዳቦዎችን በአንድነት መዝኖ አማካዩን ማውጣት ነው። ጉድለቱ በየቀኑ የሚታይ ከሆነ ግን የአጋጣሚ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል።

በግብፅ የሸማቾች መብት በ2018 በወጣው ሕግ ቁጥር 181 የተጠበቀ ሲሆን፣ የሸማቾች ጥበቃ ኤጀንሲ አቤቱታዎችን በ19588 ይቀበላል። በመጋገሪያው በር ላይ ዋጋው ከክብደቱ ጋር ተጽፎ ካልተለጠፈ፣ ገዢው የሚያውቀው የስምምነቱን ግማሽ ብቻ ነው።