ምርቃት አይደለንም

ከቀድሞ ተማሪዎቼ በኢንቦክስ በብዛት የሚመጣልኝ ጥያቄ ስለ አዋጅ ወይም ስለ አይኤፍአርኤስ እንዳይመስላችሁ። "ቲቸር፣ ሂሳቡን ዘግቼ ግብሩንም አሳውቄ ሰውየው ክፍያዬን ከለከለኝ። ፋይሉን ልያዝበት?" የሚል ነው። ለእያንዳንዱ መመለስ ስላታከተኝ እዚህ ልጻፈው። ነጋዴ ወዳጆቼም አብራችሁ አንብቡ፤ ነገሩ እናንተንም ይመለከታል። የሚቆጣም ይቆጣ።

ሂሳቡን ሰኔ 30 የሚዘጋ የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ግብሩን ለማሳወቅ እስከ ጥቅምት 30 ጊዜ አለው። አራት ወር ሙሉ! በነዚህ ወራት ስልክ የማያነሳ ደንበኛ ጥቅምት 27 ላይ ደረሰኙን በፌስታል ቋጥሮ ከች ይላል። የግማሹ ደረሰኝ ቀለም ለቋል፣ የግማሹ ቲን ቁጥር የሌላ ሰው ነው፣ የባንክ ስቴትመንቱ የሰባት ወር ብቻ ነው። "አንተ ታውቃለህ፣ አስተካክለው" ብሎ ይሄዳል። ልጁ ሦስት ሌሊት ሳይተኛ ይዘጋለታል። ግብሩ ይታወቃል፣ ይከፈላል። ከዚያ በኋላ የልጁ ክፍያ ሲነሳ የሰውየው ስልክ ይጠራል እንጂ አይነሳም።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። የሂሳብ ሠራተኛውን ዋጋ የሚበላ ነጋዴ የራሱን መዝገብ ነው የሚያበላሸው። እኛም ዝም ስንለው ሙያውን ወደ ደላላነት እየገፋነው ነው።

"ምን ሠራህ? ፎርም ነው የሞላኸው" ይሉናል። እሺ፣ እንቁጠር። አምስት ሠራተኛ ያለው ድርጅት የደመወዝ ግብር በዓመት 12 ጊዜ ያሳውቃል። ጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ እሱም 12 ጊዜ። እዚህ ላይ 24 ደረስን። ቫት አለ፣ ዊዝሆልዲንግ አለ። ከዚያ ባንኩን ከመዝገቡ ጋር ማስታረቅ፣ የእርጅና ቅናሽ ማስላት፣ የትኛው ወጪ ተቀናሽ እንደሚሆን የትኛው እንደማይሆን መለየት። ሲስተሙ ሲዘጋ እስኪከፈት መጠበቅ፣ ወረዳ ሄዶ መሰለፍ። ፎርሙ የመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት ናት። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዶ "ነቀልከው እንጂ ምን ሠራህ" የሚል ሰው አለ እንዴ?

"ገንዘብ ሲገባልኝ እሰጥሃለሁ" የሚለው ደግሞ አለላችሁ። ይኸው ሰው ለሱቁ አከራይ በቀኑ ይከፍላል። ለትራንዚተሩ ይከፍላል። ወዛደሩ ዕቃ አውርዶ እጁን ሲዘረጋ ያንኑ ሰዓት ይከፍላል። ወዛደሩ ስለሚጮህ ነው። የሂሳብ ሠራተኛ አይጮህም፣ "የተማረ ነው፣ ያፍራል" ተብሎ ይታመናል። ከዚያ የንግድ ፈቃድ እድሳት ይደርስና ክሊራንስ ሲያስፈልግ፣ ወይም ባንክ ለብድር ሂሳብ ሲጠይቀው፣ ያ የጠፋ ስልክ በሌሊት ይደውላል። "ወንድሜ፣ ዛሬ ካላደረስክልኝ አለቀልኝ!"

ከሁሉም የሚብሰው ግን "እንካፈል" የሚለው ነው። "ግብሩ 600 ሺህ ሊመጣብኝ ነው። ወደ 200 አውርድልኝና ያተረፍኩትን እንካፈል።" ልጆቼ፣ በሬ ሆይ ሳሩን አየህና የተባለው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ውል የምታገኙት ብር የሚያድገው እውነቱ ባነሰ ቁጥር ነው። የሌለ ወጪ ትጽፋላችሁ፣ የተገዛ ደረሰኝ ታስገባላችሁ። በሚቀጥለው ዓመት ለባንክ ትርፍ፣ ለገቢዎች ኪሳራ የሚያሳይ ሁለት መዝገብ ትይዛላችሁ። ግብር ሰብሳቢው የቀረበለትን ሂሳብ እስከ 5 ዓመት ድረስ መልሶ ማየት ይችላል፤ ማጭበርበር ካለበት ደግሞ ገደብ የለውም። ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ ቅጣት ብቻ ሳይሆን እስር ያለበት ወንጀል ነው፣ የረዳውንም ይመለከታል። ደግሞስ የእውነተኛ ሥራችሁን ዋጋ የከለከለ ሰው የሌብነቱን ድርሻ ቆጥሮ የሚሰጣችሁ ይመስላችኋል? ለዚያኛውስ የት ሄዳችሁ ልትከሱት?

ነጋዴ ወዳጆቼ፣ እስቲ እናንተው አስሉት። የባለሙያው ክፍያ 15 ሺህ ብር ነው እንበል። ቅር ተሰኝቶ ሥራውን አቆመ፣ እናንተም ሌላ ስትፈልጉ ቀኑ አለፈ። ያልተከፈለ ግብራችሁ 400 ሺህ ቢሆን፣ በታክስ አስተዳደር አዋጁ (983/2008) መሠረት ዘግይቶ የመክፈል መቀጫው ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ማለትም 20 ሺህ ብር ነው። ከዚያ በየወሩ 2 በመቶ፣ 8 ሺህ ብር ይጨመራል። ወለዱ ለብቻው ነው። በጊዜ ያለማሳወቅ መቀጫም ለብቻው ነው። መዝገብ በአግባቡ ካልተያዘ ደግሞ የግብሩ 20 በመቶ አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ኦዲተር ፊት ስትቀርቡም "ሂሳብ ሠራተኛዬ ነው የሠራው" ማለት አያድናችሁም። ግብር ከፋዩ እናንተ ናችሁ።

ባለሙያውም ሁሉ ንጹሕ ነው አልልም። ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ የሚጠፋ አለ። ሳያነብ የሚፈርም አለ። የጓደኛውን ደንበኛ በግማሽ ዋጋ ወስዶ፣ በግማሽ ዋጋ የሚሠራው ግማሽ ሥራ መሆኑን ሳይናገር የሚያሳውቅ አለ። ነጋዴው እኛን የማያከብረው በከፊል በነዚህ ምክንያት ነው። ይህ ግን በሐቅ ለሠራው ልጅ ያለመክፈል ፈቃድ አይሆንም።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። ፋይሉን ልያዝበት? አትያዙ። ኦሪጅናል ደረሰኙ፣ የባንክ ወረቀቱ፣ የኪራይ ውሉ የእሱ ነው። ሕጉ ለሚያዘው ጊዜ ማስቀመጥ ያለበትም እሱ ነው። ያንን ከያዛችሁበት ሐቅ ይዛችሁ ሳለ ተከሳሽ የምትሆኑት እናንተ ናችሁ። ዝርዝር ጽፋችሁ፣ አስፈርማችሁ መልሱለት። የራሳችሁን ሥራ ግን፣ ማለትም የዘጋችሁትን የሂሳብ መግለጫ፣ ቀሪው ሳይከፈል አታስረክቡ። ይህንንም ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት በውል ላይ ጻፉት እንጂ ጥቅምት 29 ላይ አታስፈራሩበት።

ውሉ አንድ ገጽ ይበቃዋል። ምን ትሠራላችሁ፣ በስንት፣ መቼ ይከፈላል፣ እሱ ሰነዱን እስከ መቼ ያመጣል። እኔ መስከረም 20 እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ በሌላ ዋጋ ነው ወይም አልቀበልም። ግማሹን ስትጀምሩ ተቀበሉ። ለዚያም ደረሰኝ ስጡ! የሰው ደረሰኝ እየመረመርን ለራሳችን ደረሰኝ ካልቆረጥን በምን አፋችን ነው የምንናገረው? የወር ሥራ ከሆነ ሁለት ወር ካልተከፈላችሁ ማቆማችሁን በጽሑፍ አሳውቁ፣ ሌላ ሰው የሚፈልግበት ጊዜ እያለው። ያለፈው ዕዳ ሳይዘጋ የዘንድሮውን አትክፈቱ። "ዘመድ አይደለንም እንዴ" ለሚላችሁ ደግሞ መልሱ አጭር ነው፦ ዘመድ አይበድልም።

ሁሉን ሥራ በገንዘብ ተምኑ ማለቴ አይደለም። ባሏ የሞተባት የጉሊት ነጋዴ ከወረዳ ደብዳቤ ደርሷት ስትመጣ ቁጭ ብላችሁ አንብቡላት፣ አብራችሁ ሂዱላት፣ ምንም አትቀበሉ። ገበያ ላይ ምርቃት የሚጨምረው ሻጩ ነው፣ ደስ ብሎት። ገዢው እጁን ሰዶ ከቁና ላይ ሲዘግን ምርቃት አይባልም። ስሙ ሌላ ነው።

ስለዚህ ሐቃችሁን ስትጠይቁ አትሽኮርመሙ። "ይቅርታ፣ አስቸገርኩዎት" እያላችሁ መልእክት አትላኩ። "ጋሼ፣ ሥራው በዚህ ቀን ተጠናቋል፣ ቀሪው ይህን ያህል ነው፣ እስከዚህ ቀን እጠብቃለሁ" በሉ፣ በቃ። በአክብሮት፣ በቁጥር፣ በቀን። ሂሳብ ያስተማርኳችሁ የሌላውን ብቻ እንድትሠሩ አይደለም።