የተማሩ እጆች ያነደዱት እሳት

ስለ አውሮፓ የጠንቋይ ፍርድ በምግብ አዳራሽም ሆነ በመኝታ ክፍል ወሬ በተነሣ ቁጥር የምንሰማው መልስ አንድ ነው። «የጨለማው ዘመን ሥራ ነው፤ ያልተማረ ሕዝብ ያደረገው ነው፤ ትምህርት ሲመጣ ጠፋ» ይባላል። ይህ አነጋገር ለጆሮ ደስ ይላል፤ በተለይ ለተማሪ ጆሮ። ጥፋቱን ሁሉ በመሃይሙ ጫንቃ ላይ ጭኖ እኛን ነጻ ያወጣናልና። ታሪኩን ቀረብ ብሎ የመረመረ ሰው ግን ነገሩ እንደዚህ ቀላል እንዳልሆነ ይረዳል።

አስቀድመን ስለ ቃሉ እንናገር። በእኛ ቋንቋ ጠንቋይ የምንለው ብዙውን ጊዜ ሰው ገንዘብ ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድለትን፥ የጠፋውን አግኝልኝ፥ የሚመጣውን ንገረኝ የሚለውን ነው። በአውሮፓ የተቃጠሉት አብዛኞቹ ግን እንዲህ ያሉ ባለ ሙያዎች አልነበሩም። የቀረበባቸው ክስ ከዲያብሎስ ጋር ቃል ኪዳን ገብተዋል፥ ፈጣሪያቸውን ክደዋል፥ በሌሊት እየበረሩ ከማኅበራቸው ጋር ይሰበሰባሉ፥ በረዶ አውርደው እህል ያጠፋሉ የሚል ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ባላገሩ የሚያማርረው ላሟ ነጠፈች፥ ልጄ ታመመ፥ ጎረቤቴ በክፉ ዓይን አየችኝ እያለ ነው። ቃል ኪዳኑን፥ የሌሊቱን ማኅበርና የክህደቱን ሥርዓት አያይዘው አንድ ትልቅ ሤራ ያደረጉት በላቲን የሚጽፉ ሊቃውንት ናቸው። ሃይንሪክ ክራመር የተባለው መነኩሴ በ1486 (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ ጠንቋዮች ያሳተመው መጽሐፍ በአዲሱ የማተሚያ መኪና እየተባዛ ከአገር አገር ተዳረሰ።

ዘመኑም ጨለማ የሚባለው ዘመን አልነበረም። ፍርዱ እጅግ የበረታው ከ1560 እስከ 1630 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ይኸውም ጋሊሊዮ በመነጽሩ ሰማይን የተመለከተበት፥ ሼክስፒር ቴአትሩን የጻፈበት ዘመን ነው። የታሪክ ተመራማሪዎች መዛግብቱን አገላብጠው እንደሚገምቱት በጠቅላላው ከ40,000 እስከ 60,000 የሚሆን ሰው ተገድሏል። ከእነዚህም ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሴቶች ነበሩ፤ ግማሽ ያህሉም የሞቱት በጀርመን አገሮች ነው። ይህን ያህል ሕዝብ ያለ ዳኛ፥ ያለ ጸሐፊና ያለ ሕግ ዐዋቂ አያልቅም።

የሥራው አካሄድ እንዲህ ነበር። አንዲት ባልቴት ትከሰሳለች። ጥንቆላ የተሰወረ ወንጀል ስለ ሆነ ምስክር አይገኝም፤ ስለዚህ የራስዋ ቃል ያስፈልጋል። ቃሏን ለማግኘት ትገረፋለች፥ ወደ ላይ ትሰቀላለች። ስታምን «በማኅበሩ ላይ ማን ማንን አየሽ?» ትባላለች። ስም ትጠራለች። የተጠሩት ደግሞ ተይዘው በተራቸው ሌላ ስም ይጠራሉ። በ1532 የወጣው የንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ የወንጀል ሕግ ያለ በቂ ምልክት ማንም እንዳይሠቃይ ይከለክል ነበር፤ ነገር ግን ጥንቆላ ከሌላው የተለየ ወንጀል ነው እየተባለ ጥንቃቄው ተጣለ።

ዮሐንስ ዩኒየስ የባምበርግ ከተማ ሹም ነበር። በ1628 በዚሁ ክስ ተይዞ ጣቶቹ በብረት ተጨፈለቁ። ከእስር ቤት ለልጁ ለቬሮኒካ በስውር የላከው ደብዳቤ እስከ ዛሬ ይገኛል። በደብዳቤው እንደ ገለጸው፥ ሥቃዩን መሸከም ስለማይችል እውነትም ይሁን ሐሰት አንድ ነገር ፈጥሮ እንዲናገር የለመነው ገራፊው ራሱ ነው። ፈጥሮ ተናገረ። ያም አልበቃ ብሎ በከተማው መንገዶች እየተመራ በየሰፈሩ ማን ማን ጠንቋይ እንደ ሆነ እንዲናገር ተገደደ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንዲሉ፥ ሰውየው በተሰባበረ እጁ የጻፈው ሕይወቱን ለማዳን ሳይሆን ልጁ ንጹሕነቱን እንድታውቅ ነው። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ተገደለ።

ጋኔን ያዛቸው ስለ ተባሉትም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በፈረንሳይ አገር በሉደን ከተማ በአንድ ገዳም የነበሩ ደናግል ይጮኹና ይንፈራገጡ ጀመር። ካህናት በአደባባይ፥ ሕዝብ ተሰብስቦ እያየ፥ አጋንንቱን «ማን ላካችሁ?» እያሉ ጠየቁ። መልሱ ኡርባን ግራንዲዬ የተባለው የከተማው ቄስ ነው የሚል ሆነ። ግራንዲዬ ከከተማው ታላላቆች ጋር የተጣላ፥ የሚኒስትሩንም የካርዲናል ሪሽልዬን ፊት ያጣ ሰው ነበር። ዲያብሎስ የሐሰት አባት መሆኑን የሚያስተምሩት ሰዎች ጋኔን ተናገረ የተባለውን ቃል ለፍርድ ማስረጃ አድርገው ቄሱን በ1634 በእሳት አቃጠሉት። የደናግሉ መንፈራገጥ ግን እርሱ ከሞተም በኋላ አላቆመም።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ተማሪዎችን ሊያሳስበን የሚገባው የኬፕለር እናት ነገር ነው። ዮሐንስ ኬፕለር ፕላኔቶች በፀሐይ ዙሪያ የሚሄዱበትን ሕግ ያገኘ ሊቅ ነው። እናቱን ካታሪናን አንዲት ጎረቤቷ በ1615 «ያጠጣችኝ መጠጥ አሳመመኝ» ብላ ወነጀለቻት። በ1620 አሮጊቷ ሰባ ዓመት አልፏቸው ሳለ ታሥረው ዐሥራ አራት ወር በሰንሰለት ቆዩ። ኬፕለር ሥራውን ትቶ ከሊንዝ መጣ፤ የተጠቀሰው በሽታ ሁሉ በተፈጥሮ ምክንያት ሊመጣ እንደሚችል አንድ በአንድ እየዘረዘረ መከላከያ ጻፈ። ጉዳዩ ለቱቢንገን ዩኒቨርስቲ የሕግ ፋኩልቲ ተላከ፤ ይህም ኬፕለር ራሱ የተማረበት ዩኒቨርስቲ ነው። ፋኩልቲውም አሮጊቷ የማሠቃያው ዕቃ ይታያቸውና ይፈራሩ ብሎ ወሰነ። እርሳቸው ግን ዕቃው ፊት ቆመው የማላደርገውን አደረግሁ አልልም አሉ። በ1621 ተፈቱ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሞቱ። የዳኑት እምቢ የሚል ልብና የሚሟገት ልጅ ስለ ነበራቸው ነው። ልጇ ኬፕለር ያልሆነች ባልቴት ስንት ነበረች?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ፍርዱን ያስቆሙትም የተማሩ ናቸው» ብለው ይከራከሩናል። ልክ ነው፤ አንክድም። ፍሪድሪክ ሽፔ የተባለው የኢየሱሳውያን ካህን በ1631 ስሙን ደብቆ ባሳተመው መጽሐፍ ጠንቋዮቹን የሚፈጥራቸው ማሠቃየቱ ራሱ መሆኑን አስረዳ። የተከሰሰችው ሴት ብትፈራ ፍርሃቷ፥ ባትፈራ ድፍረቷ፤ ክፉ ብትሆን ክፋቷ፥ ደግ ብትሆን ግብዝነቷ ማስረጃ እየሆነባት መውጫ እንደሌላት አሳየ። በስፔን አገርም በ1610 በሎግሮኞ ሰዎች ከተቃጠሉ በኋላ ሳላዛር የተባለው የኢንኩዊዚሲዮን ዳኛ በናቫራ መንደሮች እየዞረ ከ1,800 በላይ ሰዎችን ጠየቀ፤ የጥንቆላ ቅባት የተባለውንም አስመረመረ። አንድም የሚጨበጥ ነገር አላገኘም። ይልቁንም ስለ ጠንቋይ መወራትና መሰበክ ከመጀመሩ በፊት በዚያ አገር ጠንቋይም የተጠነቆለበትም እንዳልነበረ ጻፈ። የፓሪስ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ከ1624 ጀምሮ ማንኛውም የጥንቆላ ፍርድ በይግባኝ እንዲታይ ባዘዘ ጊዜ ከሞት የዳነው ብዙ ነው።

እንግዲህ ልዩነቱ ከምን መጣ? በዲያብሎስ ከማመንና ካለማመን አይደለም፤ ሽፔም ሳላዛርም የሚያምኑ ካህናት ነበሩ። በትምህርት ብዛትም አይደለም፤ አቃጣዮቹም ዲግሪ ነበራቸው። ልዩነቱ እነዚህ ጥቂቶች «ይህን በምን አወቅን?» ብለው መጠየቃቸው ነው። ሌሎቹ ዕውቀታቸውን አስቀድመው ያመኑበትን ለማስረዳት አዋሉት፤ ስለዚህ ብዙ ባወቁ መጠን ብዙ አቃጠሉ።

ይህ ነገር ከእኛ የራቀ አይምሰለን። ነገ ዳኛ፥ አስተማሪ፥ ጋዜጠኛ፥ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የምንሆነው እኛ ነን። ዛሬም ቢሆን በስብሰባችን ላይ የአንድ ሰው ስም ተነሥቶ «እርሱ እኮ ከእነ እገሌ ጋር ነው» ሲባል፥ ዝም ቢል ፈርቶ ነው፥ ቢናገር ሊያታልል ነው እየተባለ ከወዲህም ከወዲያም በሩ ሲዘጋበት እናያለን። በዚያ ሰዓት ማጨብጨብ ቀላል ነው፤ እጅ አውጥቶ «ማስረጃው የት አለ? የተናገረውስ ማን ነው? በምን ሁኔታ ተናገረው?» ብሎ መጠየቅ ግን ከባድ ነው፤ የጠየቀውም ሰው በተራው ሊጠረጠር ይችላልና። ሽፔም ስሙን የደበቀው ይህን ስላወቀ ነው። ቢሆንም መጽሐፉን ጻፈው። ከእኛ የሚጠበቀው ከዚህ ያነሰ ነው፤ በስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ብቻ።