ማሸነፍን የፈራች ልጅ

ጎልፍ የሚባለው ጨዋታ በሰፊ መስክ ላይ ትንሽ ኳስ በዘንግ እየመቱ በ18 ጉድጓዶች በየተራ ማግባት ነው፤ ምቱ ያነሰለት ያሸንፋል። በዚህ ጨዋታ ስሟ የገነነው ስዊድናዊቱ አኒካ ሶረንስታም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970 ዓ.ም. ተወለደች። በልጅነቷ እጅግ ዓይነ አፋር ነበረች። ያሸነፈ ሁሉ በጉባኤ ፊት ቆሞ ይናገር ስለ ነበረ፣ ይህን ፈርታ በፍጻሜው ላይ ሆን ብላ ኳሱን እየሳተች ሁለተኛ ትወጣ ነበር። ከእኛ መካከል ስንቱ አባት ልጄ ሰነፍ ናት ብሎ በተቈጣ! አሠልጣኞቿ ግን ምክንያቱን መርምረው፣ ሁለተኛ የወጣውም ይናገር ብለው ደነገጉ። እርሷም መናገሩ ካልቀረልኝ ብላ ታሸንፍ ጀመር።

በአሜሪካ የሴቶች ጎልፍ ማኅበር ውድድሮች 72 ጊዜ ድል አደረገች። በ2001 ዓ.ም. 18ቱን ጉድጓዶች በ59 ምት ፈጸመች። በ2003 ዓ.ም. በቴክሳስ ከወንዶች ጋራ ተወዳደረች፤ ይህም ከ1945 ዓ.ም. ወዲህ በሴት ያልተደረገ ነበር። በ71 እና በ74 ምት ሁለት ቀን ተጫውታ ለሦስተኛው ቀን ሳታልፍ ቀረች። ሆን ብላ ትሸነፍ የነበረችው ልጅ ያን ጊዜ በእልፍ ሕዝብ ፊት ሳትሸሽ ተሸነፈች።

በ2008 ዓ.ም. ከውድድር ተለየች። በ2021 ዓ.ም. ግን ተመልሳ፣ 50 ዓመት ለሞላቸው ሴቶች በተደረገው የአሜሪካ ውድድር፣ ባለቤቷ ዘንጎቿን ተሸክሞላት አሸነፈች።