«አውቶማቲክ» የሚለው ቃል ትርጉምና የነጋዴው ጥንቃቄ

በዘመናችን ለገበያ ከሚቀርቡት መሣሪያዎች ብዙዎቹ «አውቶማቲክ» የሚል ቅጽል ተጨምሮባቸው ይሸጣሉ። ቃሉ ለጆሮ ያማረ ቢሆንም፣ ትርጉሙን ሳይመረምር የሚገዛ ነጋዴ ገንዘቡን ለስም ይከፍላል።

ሩቅ ሳንሄድ በከተማችን በሮቢት ያለውን የእህል ወፍጮ እንመልከት። እናቶቻችን በመጅ ይፈጩት የነበረውን ጤፍና ማሽላ ዛሬ ሞተር ይፈጨዋል። የሰው ጉልበት በሞተር ኃይል ሲተካ «ሜካናይዜሽን» ይባላል። ነገር ግን ዱቄቱን በጣቱ አሽቶ መላሙን የሚያውቀው፣ ድንጋዩንም የሚያጠብቀውና የሚያላላው ሰው ነው።

እንዲሁም በቆቦና ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በኤሌክትሪክ ፓምፕ እየተሳበ ለመስኖ ይውላል። እንዲህ ያለውን ፓምፕ ሰው ቆሞ የሚያጠፋው ከሆነ ሥራው ሜካናይዜሽን ብቻ ነው። በተወሰነ ሰዓት የሚጠፋ ከሆነ አውቶማቲክ ቢባልም ዝቅተኛው ደረጃ ነው፤ ሰዓቱ የውሃ ማጠራቀሚያው መሙላቱን አያውቅምና። ተንሳፋፊ መሣሪያ የውሃውን ከፍታ ለክቶ ሲሞላ የሚያጠፋው፣ ሲጎድልም መልሶ የሚያስነሳው ከሆነ ግን ራሱን በራሱ የሚያርም እውነተኛ አውቶሜሽን ነው።

አሳቡ አዲስ አይደለም። ጄምስ ዋት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1788 የእንፋሎት ሞተር ፍጥነቱን ራሱ እንዲቈጣጠር አድርጓል። «አውቶሜሽን» የሚለው ስም የታወቀው ግን የፎርድ ኩባንያ በ1947 በዚሁ ስም የሚጠራ የሥራ ክፍል ካቋቋመ በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው ከደረሰብን ነው። አሠሪዬ እህል አበጥሮ በጆንያ የሚሞላ «አውቶማቲክ» መኪና አዘዙ፤ የትእዛዙን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። መኪናው ከመድረሱ አስቀድሞ ሦስት የቀን ሠራተኞች ተሰናበቱ። መኪናው ሲመጣ ግን ሚዛኑን አይቶ አፉን የሚዘጋለት ሰው የሚፈልግ ሆኖ ተገኘ። ሻጩም «በሞተር የሚሠራ ሁሉ አውቶማቲክ ነው» ብሎ መለሰ። በደብዳቤው ላይ ትርጉሙ ስላልተጻፈ መከራከሪያ አጣን፤ ከሠራተኞቹም ሁለቱ አገር ለቀው ስለ ነበር ሊመለሱ አልቻሉም።

ስለዚህ ክቡራን ነጋዴዎች ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ የሚለካው ማን ነው? ስሕተቱን የሚያርመው ማን ነው? መብራት ጠፍቶ ሲመለስ መኪናው ምን ያደርጋል? ምክር ቤታችንም ለእነዚህ ቃላት አንድ ወጥ የአማርኛ ትርጉም አዘጋጅቶ ለአባሎቹ ቢያድል፣ የነጋዴውን ገንዘብና የሠራተኛውን እንጀራ ከከንቱ ኪሳራ ያድናል።

የነጋዴ ጸሐፊ፣ ከሮቢት