እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢው!

እኛ አዳማዎች (ናዝሬት ማለት የለመደ ናዝሬት ይበል) ዝናቡ ከሌላው አገር ቢያንስብንም ጭቃው አላነሰብንም። መቼም ክረምት ለመጽሐፍ ወዳጅ ደግ ጊዜ ነው። ለትዳር ግን ሁልጊዜ ደግ እንዳልሆነ ሰሞኑን ከሞጆ የደረሰኝ ደብዳቤ ይናገራል።

ጸሐፊዋ የሁለት ልጆች እናት ናት። «ሱሴ መጽሐፍ ብቻ ነው» ትላለች። «ጫት አልቅም፣ የሰው ቤት አላዞርም። ማታ ልጆቹ ተኝተው መጽሐፍ ስገልጥ ግን የባለቤቴ ፊት ይጠቁራል። በቀደም ዕለትማ ‹ከእኔ ሳይሆን ከወረቀት ጋር ነው የተጋባሽው!› ብሎ መብራቱን አጠፋብኝ። ምን ይሻለኛል? መጽሐፌን ልተው ወይስ ባሌን?»

ኧረ እህቴ ቀስ በይ! አንዱንም አትተዪ። እኔም በዚሁ ጉዳይ ተከስሼ አውቃለሁ። የእኔ ከሳሽ ግን ባል ሳይሆን እናቴ ነበረች።

ጊዜው 2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እንደ አንዳንዱ አገር በር ጥርቅም አድርገው ባይዘጉብንም፣ በርከት ብሎ መሰብሰብ ክልክል ሆነ። እኔ የማስተናግድበት ካፌ ሰው አጣና ሥራዬ ቀረ። የእማዬ የቡና ጓደኞችም መምጣት አቆሙ። እኔና እሷ በአንዲት ክፍል ቤት ተፋጠን ቀረን።

እኔ ምን ቸገረኝ! መንገድ ዳር ከሚያነጥፍ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የሰበሰብኳቸው መጻሕፍት ነበሩኝ። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» በሁለት ቀን ላፍ አደረግሁት። «ዴርቶጋዳ»ን ለሦስተኛ ጊዜ ደገምኩት። እማዬ ስታናግረኝ «እህ» እላለሁ እንጂ ዓይኔን ከገጹ አልነቅልም። እሷ ምስር ትለቅማለች፣ ትተክዛለች፣ በር ላይ ቆማ ጭር ያለውን መንገድ ታያለች።

ከዚያ ሰኔ መጣ። ሰኔ 22 ቀን ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። በማግሥቱ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ንብረት ተቃጠለ። የእኛም ከተማ ከባድ ቀናት አሳለፈች። ኢንተርኔቱ ለሳምንታት ተዘጋ። ውጪ ኮቴ በሰማን ቁጥር እየደነገጥን ቤታችን ተቀመጥን። በዚያ ሰሞን አንድ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እማዬ ድንገት «አንቺ ልጅ፣ ምን ይላል እሱ?» አለችኝ።

በእጄ የያዝኩት «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር። «ይኸው፣ አንብቢው» ብዬ ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም። «ዓይኔ እምቢ ብሎኛል። እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢው!»

ለካ ወንጂ ስታድግ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ጎረቤት ቤት ሆና ቁርጥራጩን ሰምታው ኖሯል። ከመጀመሪያው ጀመርኩላት። ቦጋለና ውድነሽ በስተርጅና ልጅ ወልደው፣ ለስለት ሰጥተው፣ በዛብህ ለትምህርት ከቤት ሲርቅ ... እማዬ እጇን አነሳች። «ቆይ! ልጅ ተማረ ማለት እናቱን ተወ ማለት ነው እንዴ?»

ስለ በዛብህ የጠየቀችኝ መስሎኝ ቀና ስል፣ የምታየው እኔን ነው። አፈርኩ። ለካ አንድ ክፍል ውስጥ አብሬያት ተቀምጬ ወራት ሙሉ ትቻታለሁ!

ሌላም ጉድ አለ። ከቀናት በኋላ «የዓይን ነገር አይደለም» አለችኝ። ትምህርቷን ከሦስተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው፤ ከስሟ አልፎ ማንበብ ያስቸግራታል። የመብራት ቢል በመጣ ቁጥር «መነጽሬን አጣሁት፣ አንቺ እይው» ትለኝ የነበረው ለዚህ ኖሯል። እኔን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስጨረሰች ሴት!

ከዚያ ወዲያ ክረምቱን በሙሉ ከራት በኋላ አነበብኩላት። ፊታውራሪ መሸሻን ትራገማለች፣ ለጉዱ ካሣ ትፈርዳለች። ወደ መጨረሻው ስንደርስ መጽሐፉን በእጇ ከደነችው። «መጨረሻውን አውቀዋለሁ። በዛብህ ዛሬ ይደር» አለችኝ። ሦስት ቀን አሳደርነው።

የሞጆዋ እህቴ፣ ገጣሚውን ነቢይ መኮንንን አስቢ። በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን ረጅም ልብ ወለድ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ ተርጉሞታል፤ ኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታትሟል። እሱማ እንግሊዝኛውን ብቻውን አንብቦ መቀመጥ ይችል ነበር! ያን ሁሉ የደከመው ለሌላው ሰው እንዲደርስ ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይኸው ነው። ባልሽ የጠላው መጽሐፉን ሳይሆን በሩ ውጪ መቅረቱን ይመስለኛል። ነገ ማታ አጠገቡ ተቀመጪና አንድ ገጽ ብቻ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ለሱ የሚጥመውን ምረጪ፤ እግር ኳስ ከወደደ ከስፖርት ጋዜጣ ጀምሪ። ካዛጋ አትቆጪው፣ አቁሚ። ሊያወራ ከፈለገም መጽሐፉን አጥፈሽ ስሚው፤ እኔ አራት ወር ያጠፋሁት ይህን ባለማወቄ ነው። ሁሉንም ደግሞ ከሱ ጋር አንብቢ አልልሽም። ለብቻሽ የምታነቢበት ሰዓት ያስፈልግሻል፣ እሱንም በግልጽ ንገሪው። እምቢ ካለሽ ደግመሽ ጻፊልኝ፣ እንመካከራለን።

እኔም ልሰናበት። እማዬ ራት አቅርባ «ዛሬ አናነብም እንዴ?» እያለችኝ ነው። ሳምንት በሰላም ያገናኘን!