«አንድ ለአንድ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ስለ «ሞኖጋሚ» ቃል መነሻና ትርጉም

ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ መጠይቅ ሳዘጋጅ «ሞኖጋሚ» የሚለውን ቃል «አንድ ለአንድ የሆነ ጋብቻ» ብዬ ተርጉሜ አለፍሁ። ትርጉሙ የተለመደ በመሆኑ ረቂቁን ያነበቡ ባልደረቦቼም አልተቃወሙትም። መጠይቁን ለሙከራ ይዤ ስወጣ ግን በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ጋብቻቸው አንድ ለአንድ መሆኑን ብጠይቃቸው፣ «የለም ልጄ፣ እኔስ ሁለት አግብቻለሁ፤ የልጅነት ባሌ ቢሞት ነው ይኸኛውን ያገባሁት» አሉኝ። ጣውንት ኖሮባቸው አያውቅም፤ በትዳራቸውም የታመኑ ሴት ናቸው። እኔ «አዎ» የሚል መልስ ስጠብቅ እርሳቸው «የለም» አሉ። ጥያቄው ያልገባቸው መስሎኝ ነበር። የቃሉን ታሪክ ስመረምር ግን ለጥንታዊው ፍች ከእኔ ይልቅ እርሳቸው የቀረቡ ሆነው አገኘኋቸው።

ቃሉ ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው፦ «ሞኖስ» አንድ ወይም ብቸኛ፣ «ጋሞስ» ደግሞ ጋብቻ ማለት ነው። ከግሪክ ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ ፈረንሳይኛ ተሻግሮ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን «አንድ ጋብቻ» የሚለው ሐረግ በምን ዘመን ልክ እንደሚቆጠር ቃሉ ራሱ አለመናገሩ ነው። በዕድሜ ልክ አንድ ነው? ወይስ በአንድ ወቅት አንድ? የጥንት ጸሐፊዎች የያዙት ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ፍች ነበር። የካርታጎው ተርቱሊያኖስ በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስለ ሞኖጋሚ በጻፈው መጽሐፍ የተከራከረው ሁለት ሚስት በአንድ ላይ የሚያኖሩትን ሰዎች አልነበረም፤ የትዳር ጓደኛቸው ሞቶባቸው ዳግመኛ የሚያገቡትን ነበር። ሮማውያንም አንድ ባል ብቻ አግብታ ለኖረች ሴት የተለየ የክብር ስም ነበራቸው፤ በመቃብር ድንጋይ ላይም ይቀርጹላት ነበር።

ይህ ፍች ቶሎ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1766 በታተመው የኦሊቨር ጎልድስሚዝ ልብ ወለድ ውስጥ ዋናው ባለ ታሪክ ሚስቱ የሞተችበት ካህን ዳግመኛ ማግባት አይገባውም ብሎ የሚሟገት፣ በዚህም ራሱን የሞኖጋሚ ጠበቃ አድርጎ የሚቈጥር ቄስ ነው። በአገራችንም ፍቹ ያለ ስሙ ዛሬም ይኖራል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሚስቱ የሞተችበት ቄስ ወይ ይመነኩሳል፣ ወይ ብቻውን ይኖራል፤ ሌላ ካገባ ግን ክህነቱን ያጣል፣ ሕዝቡም «ፈረሰ» ይለዋል። ሥርዓተ ተክሊልም ለደናግል እንጂ ዳግመኛ ለሚያገቡ መዓስባን አይፈጸምም። እኒያ እናት ጋብቻን የቈጠሩት በዚህ ሚዛን ነው።

ሁለተኛው ፍች የሕግ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ነው፦ በአንድ ወቅት አንድ ጋብቻ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 11 የቀድሞ ጋብቻው ጸንቶ ያለ ሰው ሌላ ጋብቻ እንዳይፈጽም ይከለክላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 650 ድርጊቱን ያስቀጣል፤ ሆኖም በአንቀጽ 651 ሕግ ባወቀው የሃይማኖት ወይም የባህል ሥርዓት መሠረት የተፈጸመውን ከቅጣት ያወጣል። በዚህ ሚዛን አምስት ጊዜ ተፋትቶ አምስት ጊዜ ያገባ ሰው እንኳ ከአንድ ለአንድ ጋብቻ አልወጣም።

ሦስተኛው ፍች ከጋብቻ ቍጥር አልፎ ወደ መታመን ይሄዳል። በኤች አይ ቪ መከላከል ትምህርት «አንድ ለአንድ መወሰን» ሲባል የምስክር ወረቀት የሚጠይቅ የለም፤ ጉዳዩ ከአንድ ሰው በቀር ከሌላ ጋር ግንኙነት አለማድረግ ነው። የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች የዚህን ልዩነት ክብደት ከአዕዋፍ ተምረዋል። ከወፍ ዝርያዎች 90 በመቶ ያህሉ ጥንድ ሆነው ጫጩት የሚያሳድጉ በመሆናቸው ሞኖጋማዊ ሲባሉ ኖረዋል። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዲ ኤን ኤ ምርመራ ሲስፋፋ ግን በብዙዎቹ ጎጆዎች ከጥንዱ ወንድ ያልተወለዱ ጫጩቶች ተገኙ። ከዚያ ወዲህ «ማኅበራዊ» እና «ዘረ መላዊ» ሞኖጋሚን ለይተው ይጽፋሉ። ስለ ወፍ ሲጽፉ ይህን ያህል የተጠነቀቁ ካሉ፣ ስለ ሰው የምንጽፍ እኛ ልናንስ አይገባም።

አራተኛ ደግሞ ቃሉ ለግለሰብ ሳይሆን ለማኅበረሰብ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ጆርጅ ፒተር መርዶክ ባስጀመረው ኤትኖግራፊክ አትላስ ውስጥ ከተመዘገቡት 1,231 ማኅበረሰቦች ሞኖጋማዊ የተባሉት 186 ብቻ ናቸው። ይህ ቍጥር ባህሉ የሚፈቅደውን እንጂ እያንዳንዱ ቤት የሚኖረውን አይናገርም፤ ብዙ ሚስት ማግባት በሚፈቀድበት ማኅበረሰብም አብዛኛው ወንድ የሚኖረው ከአንዲት ሚስት ጋር ሊሆን ይችላል። አሃዙን ያለ ማብራሪያ የሚጠቅስ ተማሪ አንባቢውን ያሳስታል።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ቃሉን እንዳለ ‹ሞኖጋሚ› ብለን ብንጽፈው ችግሩ ይቀራል» ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። የባዕድ ቃል በፊደላችን ስለ ተጻፈ አሻሚነቱ አይቀርለትም፤ ይልቁንም የትኛውን ፍች እንደ ያዝን ከራሳችንም ይሰወራል። አማርኛ በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። ጣውንት፣ ዕቁባት፣ ቅምጥ፣ ውሽማ፣ ፈት፣ የልጅነት ባል፣ እያንዳንዱ የተለየ ግንኙነት ይሰይማል። ቋንቋው ስም ያወጣው ከደንቡ ለወጣው ነው፤ ደንቡ ራሱ ስም ያላስፈለገው ሁሉም ያውቀዋል ተብሎ ስለ ተገመተ ይመስለኛል። ተመራማሪ ግን በግምት ሊሠራ አይችልም።

ስለዚህ በጽሑፎቻችን ቢያንስ ሦስቱን እንድንለይ ሐሳብ አቀርባለሁ። በዕድሜ አንዴ የሚፈጸመውን «የዕድሜ ልክ አንድ ጋብቻ»፣ በአንድ ወቅት አንድ የሆነውን «ጣውንት የሌለበት ጋብቻ»፣ መታመንን የሚመለከተውን ደግሞ «መወሰን» ብንል ቃላቱ ከሕዝቡ አፍ የራቁ አይሆኑም። «ጣውንት» የሚስቶችን እንጂ የባሎችን መብዛት እንደማይገልጽ አውቃለሁ፤ የተሻለ የሚያመጣ ቢኖር በደስታ እቀበላለሁ። ዋናው ስሙ ሳይሆን ልዩነቱ ነው።

እኔም መጠይቄን አርሜያለሁ። አንዱ ጥያቄ ሦስት ሆኗል፦ እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ አገቡ? አሁን በትዳርዎ ላይ ሌላ ትዳር አለ? ከትዳር ውጭ ግንኙነት አለ? ሦስተኛው የሚጠየቀው ለብቻ፣ በጥንቃቄ ነው። ወደ እኒያ እናት ተመልሼ የመጀመሪያውን ብጠይቃቸው «ሁለት» አሉኝ፤ ሁለተኛውን ስጠይቅ ሣቅ ብለው «እግዜር ይጠብቀኝ» አሉ። በአንድ ሳጥን ላይ ምልክት ባደርግ ኖሮ ከሁለቱ መልሶች አንዱ ጠፍቶ ይቀር ነበር።