ገንዳው ሁሉን አይችልም

በመኝታ ቤቶቻችን ጀርባ የቆመው የብረት ገንዳ ሆዱ ሰፊ ነውና ማንም ያሻውን ቢወረውርበት አይቈጣም። የብርቱካን ልጣጩን፣ የተቀዳደደውን ደብተር፣ እግሩ የተሰበረውን ወንበር፣ የሞተውን የባትሪ ድንጋይ፣ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት፣ ከነረመጡ የሚደፋውን የቡና ከሰል፣ ሁሉንም እኩል ይቀበላል። ይልቁንም ፈተናው አልቆ ተማሪው ሻንጣውን በሚያሰናዳበት ሰሞን ገንዳው ጢም ብሎ ይሞላል፤ የተረፈውም በዙሪያው ይከመራል። ከዚያ መኪናው መጥቶ ያነሣዋል፤ እኛም ነገሩ ያለቀ ይመስለናል።

ያለቀው ግን ለእኛ ብቻ ነው። ከእኛ በኋላ ያንን ሁሉ በእግሩ የሚረግጥ፣ በእጁም የሚለይ ሰው አለ። በማኅበር ተደራጅተው ጋሪ እየገፉ የከተማውን ቆሻሻ የሚሰበስቡት ወጣቶች ብዙዎቹ የእኛ እኩዮች ናቸው። ከእነርሱም ቀጥሎ ፌስታሉን እየበረበረ ሃይላንድና ቆርቆሮ የሚለቅም አለ። ጓንት የሌለው ብዙ ነው። አንድ ሕመምተኛ ተማሪ ኢንሱሊን የተወጋበትን መርፌ በፌስታል ጠቅልሎ ቢጥለው፣ መርፌው ተመልሶ የሚገኘው በሌላ ሰው መዳፍ ውስጥ ነው። የተሰበረ መስተዋትም እንዲሁ። ስለ ረመጡ ብዙ አንናገርም፤ ውኃ ሳይደፉበት የጣሉት እንደ ሆነ ገንዳው ይቀጣጠላል፤ የፌስታሉም ጢስ የሚገባው በእኛው መስኮት ነው።

ሐዋሳ ላይ ደግሞ ብዙ ከተማ የሌለበት ችግር አለ። ጥቁር ውኃ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ከሐይቁ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። ክረምቱ ከየሜዳውና ከየቦዩ ጠርጎ ያመጣው ሁሉ መጨረሻው እዚያው ነው። ውኃው በፀሐይ ይተናል፤ ከአሮጌ ባትሪ የፈሰሰው እርሳስና ካድሚየም ግን በጭቃው ውስጥ ይቀራል። በረጅሙ ነጭ የፍሎረሰንት አምፑል ውስጥ ያለው ሜርኩሪ የባሰ ነው፤ ወደ ውኃ ከገባ ከትንሹ ፍጥረት ወደ ትልቁ እየተከማቸ ይሄዳልና። ተመራማሪዎች የሐይቃችንን ዓሦች በመረመሩ ጊዜ፣ ሌላውን ዓሣ በሚበላው በቢልጫ ሥጋ ያገኙት ሜርኩሪ ከቆሮሶው የበለጠ ነበር። ይህ ከእኛ አምፑል የመጣ ነው አንልም። ነገር ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አሞራ ገደል እየወረደ ዓሣ የሚበላ ተማሪ፣ በዚያ ላይ የራሱን ድርሻ መጨመሩን ምን ይሉታል?

ገንዳው የሚገለበጥበት ሜዳ እንዲያው ሲከመር ቢኖር ምን እንደሚያመጣም አገር ያውቀዋል። አዲስ አበባ ቆሻሻዋን ከ50 ዓመት በላይ በአንድ ስፍራ፣ በረጲ ስትከምር ኖረች፤ ሕዝቡም ስፍራውን ቆሼ አለው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ በሥሩ ጎጆ ቀልሰው በሚኖሩት ላይ ወደቀ፤ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ያንን ተራራ የሠራው እያንዳንዱ ቤት በየቀኑ ያወጣት አንዲት ፌስታል ናት።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የ1999 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 513 ተመልሶ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለው ቆሻሻ ከሚጣለው እንዲለይ ያዝዝ ነበር፤ ስለ ጠርሙስና ቆርቆሮ፣ ስለ አሮጌ ጎማ፣ ስለ ግንባታ ፍርስራሽም ለየብቻው ይደነግግ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታልን የሚከለክል ዐዋጅ በምክር ቤት ጸድቋል። የሕግ ተማሪዎቻችን እነዚህን ለፈተና ያነቧቸው ይሆናል፤ ከፈተናው በኋላ ግን ማስታወሻቸውን ከትርፍራፊው ጋር አንድ ላይ ሲጥሉ አይተናል።

ወረቀት፣ ጠርሙስ፣ ሃይላንድና ብረት ወደ ገንዳው የሚገቡበት ምክንያት የለም፤ ቆራሌው በር ላይ እየጮኸ ገንዘብ ከፍሎ ይወስዳቸዋል። የሚለበስ ልብስና የሚነበብ መጽሐፍም ለሚመጣው ተማሪ ይተዉ። ልጣጩና ትርፍራፊው ለብቻው ቢጠራቀም ማዳበሪያ ይሆናል፤ ይህን የእርሻ ተማሪዎች ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። የግንባታ ፍርስራሽ ገልባጭ መኪና ተከራይቶ የሚወሰድ ነው እንጂ የተማሪ ገንዳ የሚሞላበት አይደለም፤ ሕንፃ የሚያድሱት ሥራ ተቋራጮች ይህን ይስሙ። ለገንዳው የሚቀረው እንግዲህ ከምናስበው እጅግ ያነሰ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በተማሪው ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ለይተህ ጣል የተባለ ሰው የሚለይበት ዕቃ ሊሰጠው ይገባል። ስለዚህ የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ለአስተዳደሩ ሁለት ነገር በጽሑፍ እንዲያቀርብ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በየሕንፃው መግቢያ ለባትሪና ለአምፑል የሚሆን ክዳን ያለው ሣጥን ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ የግቢው ክሊኒክ መርፌና ያለፈበት መድኃኒት ከተማሪው እጅ ይቀበል። ወጪው ትንሽ ነው፤ መልሱንም ከሰኔው ዕረፍት በፊት እንጠብቃለን። እስከዚያው መርፌ ያለው ክዳኑ በሚጠብቅ ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ የሞተ ባትሪ ያለውም በመሳቢያው ውስጥ ያቈይ።